ፀሐይን መስፈር፦ ትልቅ የሶላር ጣቢያ ወግዲ ደጋ ላይ ቢተከል

ሚያዝያ 10 ቀን ገደማ በደቡብ ወሎ፣ ወግዲና መካነ ሰላም አካባቢ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ቀትር ላይ ጥላ አይጥልም። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሰዓቱ ግን ስድስት አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የተቀመረ ሲሆን ይህ አካባቢ ከ39 ዲግሪ በስተምዕራብ ይገኛል። ስለዚህ ፀሐይ እዚህ አናት ላይ ለመድረስ 25 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ነሐሴ 19 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይዞራል። ከነሐሴ በኋላ ወደ ደቡብ ተመልሳ እስከ ሚያዝያ በዚያው በኩል ትከርማለች።

ለዓይን ይህ ይበቃል። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለመሸጥ ግን አይበቃም። የዛሬው ዝግጅት የሚያተኩረው ፀሐይን በመሣሪያ መስፈር ላይ ነው። በአንድ ትልቅ የሶላር ኃይል ማመንጫ ውስጥ የአየር ሁኔታና የፀሐይ ጨረር እንዴት ይለካል? ለምንስ ያን ያህል ልፋት ይጠይቃል? ወግዲን በመሰለ ደጋ ላይ ቢሞከር ደግሞ ምን ያጋጥማል?

ወግዲ ላይ ትልቅ የሶላር ጣቢያ የለም። አካባቢው ግን ለዚህ ጨዋታ ጥሩ መነሻ ነው። ከደጋው ጫፍ ተነስቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ከብርድ ወደ ሐሩር ይሻገራል፤ ማዶ የሚታየው የጎጃም ደጋ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ ሙቀቱም፣ ጉሙም፣ ነፋሱም ይለያያል። ፀሐይዋ ግን አንድ ናት የሚል አይጠፋም። መሣሪያው እንደዚያ አይልም።

የኢትዮጵያ የሶላር ኤሌክትሪክ ታሪክ ከትንሽ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. በ1985 መካከለኛው ኢትዮጵያ ውስጥ በአንዲት መንደር የተተከለ 10.5 ኪሎ ዋት ማመንጫ 300 ያህል አባወራዎችን ማገልገል ጀመረ። በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት ሲያድግ የመንደሩን የውሃ ፓምፕና ወፍጮ ጭምር እንዲያንቀሳቅስ ታስቦ ነበር። ከደቡብ ወሎ ጋር በሚዋሰነው በሰሜን ሸዋ ደግሞ ሬማ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በየጣሪያዋ ላይ በተተከሉት ትንንሽ ፓነሎች ታወቀች፤ የሶላር ቴክኒሻኖች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤትም ተከፈተባት። እንዲህ ላለው ተከላ የፀሐይ መለኪያ አያስፈልግም። ማታ አምፖሉ ከበራ ፀሐይዋ በቅታለች፤ ካልበራ አልበቃችም። ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ጣቢያው መቶ ሜጋ ዋት ሲሆን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወር ኦርኪድ ቢዝነስ ግሩፕ ከተባለው የኢትዮጵያ ኩባንያ ጋር ሆኖ መተሐራ ላይ ሊተከል የታሰበውን የ100 ሜጋ ዋት ጨረታ አሸነፈ። በ2019 ደግሞ የሳውዲ ዓረቢያው አክዋ ፓወር በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ክልል ዲቼቶ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሆኑ ሁለት ጣቢያዎችን ለመገንባት አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ሦስቱም ጨረታ ላይ ከታየው ወኔ ወደ ማመንጨት አልተሸጋገሩም፤ ለዚያ የራሱ ብዙ ምክንያት አለው። ለዛሬው ርዕስ የሚጠቅመው ግን ያቺ ዋጋ ነች። ከነጥብ በኋላ እስከ ሺኛ ድረስ ተሰልታ የቀረበች ዋጋ ከየት ትመጣለች?

ከፀሐይ ግምት ነው የምትመጣው። ሶላር ጣቢያ ነዳጅ አይገዛም። ወጪው ከሞላ ጎደል ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይወጣል፤ ገቢው ግን ለሃያና ሃያ አምስት ዓመት በየቀኑ ከሚያርፈው ጨረር ጋር እየተንጠባጠበ ይገባል። በግምቱ ላይ የ5 በመቶ ስህተት ካለ ገቢው በዚያው መጠን ይጎድላል፤ ዕዳው ግን አይጎድልም። አበዳሪ ባንኮች በዚህ የተነሳ ሁለት ቁጥር ይጠይቃሉ። አንዱ በመካከለኛ ዓመት የሚጠበቀው ምርት ነው። ሌላው ከአሥር ዓመት በዘጠኙ ከዚያ በታች እንደማይወርድ የሚታመንበት ዝቅተኛ ምርት ነው፤ ብድሩ የሚሰላው በአብዛኛው በዚህኛው ነው። መለኪያው እርግጠኛ ባልሆነ ቁጥር ሁለቱ ቁጥሮች ይራራቃሉ፤ ብድሩም ይወደዳል። ጥሩ መለኪያ ፀሐይዋን አያበዛም፤ ጥርጣሬውን ያሳንሳል፣ ጥርጣሬ ደግሞ ዋጋ አለው።

የመጀመሪያው ግምት የሚመጣው ከሳተላይት ነው። የአውሮፓው ሜቴዎሳት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ አፍሪካን በየጥቂት ደቂቃው ፎቶ ያነሳል። ከደመናው ንጣት ተነስቶ መሬት ላይ ስንት ጨረር እንደደረሰ ይሰላል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የከፈተው የዓለም የፀሐይ አትላስም በዚህ ዓይነት ስሌት የተሠራ ነው፤ ማንም ሰው ወግዲን ፈልጎ ቁጥሯን ማየት ይችላል። ችግሩ የሳተላይቱ አንድ የሥዕል ነጥብ በጎንና በቁመት ጥቂት ኪሎ ሜትር መሬት መያዙ ነው። በወሎ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ማለት የደጋው ሜዳ፣ የገደሉ ጫፍና የሸለቆው ጉም በአንድነት ማለት ነው። ማለዳ ሸለቆው በጉም ሞልቶ ደጋው ላይ ጥርት ያለ ፀሐይ ቢኖር ሳተላይቱ ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል። ስለዚህ ቦታው ላይ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መሣሪያ ተተክሎ የሳተላይቱ የብዙ ዓመት መዝገብ በዚያ ይታረማል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መያዝ አያዋጣም፤ ሳተላይቱ ብዙ ዓመት ያውቃል፣ መሬት ላይ ያለው መሣሪያ ደግሞ ቦታውን ያውቃል።

ዋናው መሣሪያ ፓይራኖሜትር ይባላል። ሲያዩት የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ በጭብጥ የሚያዝ ዕቃ ሲሆን አናቱ ላይ የመስታወት ጉልላት ደፍቷል። ከጉልላቱ ሥር ጥቁር የተቀባ ትንሽ ክብ ገጽ አለ። ጨረር ሲያርፍበት ይሞቃል። ከሥሩ የተደረደሩት የብረት ጥንዶች በሞቀው ገጽና በቀዝቃዛው አካል መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል። የሚወጣው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው፤ ሙሉ የቀትር ፀሐይ ላይ እንኳ ከአንድ ቮልት መቶኛ ገደማ አይበልጥም። ይህችን ጥቃቅን ቮልቴጅ ዳታ ሎገር የተባለ ሣጥን በየጥቂት ሰከንዱ እያነበበ የየደቂቃውን አማካይ ይመዘግባል። ጥሩ ጥሩዎቹ ሁለት ጉልላት አላቸው፤ ነፋስና ዝናብ ጥቁሩን ገጽ አቀዝቅዞ ንባቡን እንዳያሳስት ነው። የኔዘርላንዱ ኪፕ ኤንድ ዞነን በዚህ መሠረት የሚሠራ መሣሪያ ማምረት ከጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬም መሠረቱ ያው ነው።

ከከባቢ አየር ውጪ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚመለከት አንድ ካሬ ሜትር ላይ በአማካይ 1,361 ዋት ያርፋል። አየሩ ከዚያ ላይ የራሱን ይወስዳል፤ ጥርት ባለ ቀን መሬት ላይ የሚደርሰው 1,000 ዋት ገደማ ነው። የፓነል አምራቾችም ዕቃቸውን የሚመዝኑት በዚህ 1,000 ላይ ነው። እንደ መካነ ሰላም ያለ 2,600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ግን ባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር ሩብ ያህሉ ከእግር በታች ቀርቷል። የሚጋርደው ስለሚቀንስ ጨረሩ ይበረታል። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ የፀሐይዋ ኃይል በሰኔ መጨረሻ ካለው በ7 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ደጋውን ውርጭ የሚመታበት የበጋ ወቅትና ፀሐይዋ የምትበረታበት ወቅት አንድ ላይ የሚገጥሙት በዚህ ነው።

ጨረር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከፀሐይዋ በቀጥታ የሚመጣ አለ፤ በደመና፣ በአቧራና በአየር ተበትኖ ከመላው ሰማይ የሚመጣም አለ። ቀጥተኛውን የሚለካው ፒርሄሊዮሜትር ነው። ቱቦ መሰል ነው፤ ፀሐይዋንና ዙሪያዋን በጠባቡ ብቻ ያያል፤ ቀኑን ሙሉ በሞተር እየተሽከረከረ ይከተላታል። የተበተነውን ለመለካት ደግሞ አንድ ፓይራኖሜትር ፊት ትንሽ ጥቁር ኳስ ፀሐይዋን እየተከተለች ጥላዋን ትጥልበታለች። ያልተጋረደው ሁለቱንም አንድ ላይ ይለካል። የሦስቱ ሒሳብ መገጣጠም አለበት፤ ካልተገጣጠመ አንዱ ታሟል ማለት ነው። በሞሮኮ ዋርዛዛት እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው በመስታወት ጨረር ሰብስቦ ዘይት የሚያሞቀው ጣቢያ ያለ ቀጥተኛው ጨረር ምንም መሥራት አይችልም። የፓነል ጣቢያ ግን የተበተነውንም ይጠቀማል። ለወሎ ደጋ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰማዩ የሚገኘው አብዛኛው የተበተነው ነውና። እዚያ ቦታ ላይ የመስታወት ጣቢያ ማሰብ የዋህነት ይሆናል።

በደመና መካከል ብቅ የምትል ፀሐይ ሌላ ጉድ ታሳያለች። ቀጥተኛው ጨረር በክፍተቱ ሲገባ ከዳር ዳሩ ካለው ነጭ ደመና የሚንጸባረቀው ይጨመርበታል፤ ለጥቂት ደቂቃ ያህል መለኪያው ከ1,000 ዋት አልፎ 1,300 ሊያነብ ይችላል። ያላመነ ባለሙያ መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ይሰርዘዋል። መሰረዝ የለበትም። ፊውዙና የፓነሉን ኃይል ለመስመሩ እንዲመች የሚለውጠው ኢንቨርተር የሚመረጡት ያንን ጭምር እንዲችሉ ነው።

አሁን ወደ ሙቀቱ። ሰው ፓነል ሙቀት ይወዳል ብሎ ያስባል። ፓነል ብርሃን ነው የሚወደው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጨመረች በእያንዳንዷ ዲግሪ የሲሊከን ፓነል ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓነል ከአየሩ በ25 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። አፋር ቆላ ላይ አየሩ 40 ዲግሪ ቢሆን ፓነሉ 65 ይደርሳል፤ በ0.4 ሲሰላ 16 በመቶ ያጣል። ደጋው ላይ አየሩ 20 ቢሆን ፓነሉ 45 ላይ ይቆማል፤ የሚያጣው 8 በመቶ ነው። ይህ የሁለት አገር ልዩነት ይመስላል፤ ግን በአንድ ወረዳ ውስጥም ይታያል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ከወግዲ ደጋ 1,500 ሜትር ወደ ዓባይ ለወረደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምርበታል፤ ያም 4 በመቶ ኃይል ነው። ስለዚህ ጣቢያው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓይነት ሙቀት ይለካል። አንዱ የአየሩ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ነጭ መከለያ ውስጥ ሆኖ በጥላ ይነበባል። ሌላው የፓነሉ ነው፤ ከጀርባው በተለጠፈች ትንሽ የሙቀት መለኪያ ይነበባል። ነፋስም ከዚህ ጋር ይቆጠራል፤ የገደል ጫፍ ነፋስ ፓነሉን አቀዝቅዞ ይጠቅመዋል፣ ሲያይል ደግሞ ብረቱን ይፈትነዋል። ፀሐይን እየተከተሉ የሚዞሩ ፓነሎች ነፋሱ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ በራሳቸው ወደ አስተማማኝ ዝንባሌ እንዲዞሩ የሚታዘዙት ከነፋስ መለኪያው ነው።

በረዶም አለ። የደጋ ገበሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሳውን ያወደመበትን በረዶ አይረሳም። ፓነሎች ከፋብሪካ ሲወጡ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ኳስ በሰከንድ 23 ሜትር ፍጥነት ተወርውሮባቸው ይፈተናሉ። ከዚያ የሚበልጥ ሲመጣ ግን አይችሉም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ቴክሳስ ውስጥ በ350 ሜጋ ዋቱ የፋይቲንግ ጄይስ ጣቢያ ላይ የወረደው በረዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ፓነሎችን ሰባብሯል። በረዶን ለመለካት ከሁሉ ርካሹ ዘዴ በአሉሚኒየም ፎይል የተጠቀለለ የስፖንጅ ሰሌዳ ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ በረዶው የሠራው ጉድጓድ ስፋቱን ይናገራል። በየስንት ዓመቱ ምን ያህል በረዶ እንደሚወርድ የሚያሳይ መዝገብ የመስታወቱን ውፍረት ለመምረጥም ለኢንሹራንስ ድርድርም ይጠቅማል።

እስካሁን የተነገረው ጣቢያው ከመተከሉ በፊት ነው። ከተተከለ በኋላ መለኪያው ዳኛ ይሆናል። አንድ 100 ሜጋ ዋት ጣቢያ በአንድ ቀን በፓነሎቹ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ጨረር አረፈበት እንበል። ፓነሎቹ ላብራቶሪ ውስጥ እንደተመዘኑት ቢሠሩ 600 ሜጋ ዋት ሰዓት ይጠበቅ ነበር። ወደ መስመር የገባው 480 ከሆነ ጣቢያው 80 በመቶ ሠርቷል ይባላል። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በኢንቨርተር የጠፋው ቀሪው ነው። በገንቢና በባለቤት መካከል የሚፈረመው ዋስትና በዚህች መቶኛ ላይ የቆመ ነው፤ ከውሉ በታች ከወረደች ካሣ ይከፈላል።

እንግዲህ የፓይራኖሜትሩ ጉልላት አቧራ ይዞት 3 በመቶ አሳንሶ ቢያነብስ? ጨረሩ 6 መሆኑ ቀርቶ 5.82 ተብሎ ይመዘገባል። የሚጠበቀው 600 ወደ 582 ይወርዳል። ያው 480 አሁን 82.5 በመቶ ሆኖ ይታያል። ጣቢያው ምንም ሳይሻሻል ተሻሽሎ ቁጭ አለ። ገበያ ላይ ቁናው ካነሰ እህሉ የበዛ እንደሚመስለው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው የቆሸሸ መለኪያ ጣቢያውን ይጎዳዋል ብሎ ይገምታል፤ እውነታው ግን መለኪያው ሲቆሽሽ ጣቢያው ነው የሚመሰገነው። ከፓነሎቹ እኩል ቢቆሽሽ ደግሞ የባሰ ነው፤ አቧራው የወሰደው ኃይል ጨርሶ ከመዝገብ ይጠፋል፣ ፓነሉን የሚያጥብ ሰው እንዲመጣም ማንም አያዝም።

ስለዚህ የዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ መጨረሻ ጨርቅ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት፣ አንድ ቴክኒሻን ለስላሳ ጨርቅና የተጣራ ውሃ ይዞ ይመጣል። ጉልላቱን ይጠርጋል፤ እንዳይጭረው ደረቅ አቧራውን በውሃ ያርሰዋል እንጂ አይፈትገውም። ቀጥሎ ከጎኑ ያለችውን ውሃ ልክ ያያል፤ አረፋዋ ከመሐል ከወጣች መሣሪያው አዘንብሏል፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚያነበው አይተካከልም። ውስጥ ያለውን እርጥበት የሚመጥጠውን ሲሊካ ጄልም ይመለከታል፤ ቀለሙ ከተለወጠ ይቀየራል፣ አለበለዚያ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያወጣል። በመጨረሻ የጠረገበትን ሰዓት መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ በዚያች ደቂቃ የእጁ ጥላ ንባቡ ላይ አርፏልና ሒሳብ የሚሠራው ሰው ያቺን ደቂቃ ማውጣት ይኖርበታል። መዝገቡን ሳይጽፍ የሚጠርግ ትጉህ፣ ጽፎ ከማይጠርግ ሰነፍ ብዙም አይሻልም።

ደጋ ላይ የሚጠብቀው ፈተና ጤዛ ነው። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ጉልላቱ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ጤዛ ይይዘዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭም ሊይዘው ይችላል። ማለዳ የመጀመሪያዎቹ ጨረሮች በጠብታዎቹ ውስጥ ተሰብረው ንባቡን ያዘላብዱታል። ሌሊቱን ሙሉም መሣሪያው ከዜሮ በታች ያነባል፤ ፀሐይ በሌለችበት ሰዓት ከዜሮ ያነሰ ፀሐይ መሆኑ ነው። ከጥቁሩ ገጽ በላይ ያለው መስታወት ስለቀዘቀዘ የሚመጣ ስህተት ሲሆን ቀንም በመጠኑ አብሮ ይውላል። መፍትሔው ሞቅ ያለ አየር በጉልላቱ ዙሪያ የምትነፋ ትንሽ ፋን ነች።

የአቧራ ነገር ከቦታ ቦታ ይለያል። አስዋን አጠገብ ያለው የግብፁ ቤንባን ከ1.4 ጊጋ ዋት በላይ ያመነጫል፤ በረሃ ላይ ስላለ የሚታገለው ከአሸዋ ጋር ነው። ወሎ ላይ አቧራው የእርሻና የመንገድ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ውቂያ ሲጀመር ከአውድማው የሚነሳው እብቅ ይጨመርበታል። ለመለካት ሁለት ትንንሽ ፓነሎች ጎን ለጎን ይተከላሉ፤ አንደኛው በየቀኑ ይታጠባል፣ ሌላኛው እንደቆሸሸ ይተዋል። የሁለቱ ልዩነት የአቧራው ዋጋ ነው። የበልግ ዝናብ በደንብ ከዘነበ ያጥበዋል፤ ካፊያ ብቻ ከሆነ ግን አቧራውን ወደ ጭቃ ነጠብጣብ ለውጦ ያስቀረዋል። በጋ ላይ ሰውና ከብት ለሚጠጣው በሚቸገርበት አካባቢ ፓነል በውሃ እጠቡ ብሎ ማዘዝ ከባድ ነው። ስንት ቀን ቢቆይ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠፋ የሚያውቅ ብቻ ነው መቼ መታጠብ እንዳለበት በልኩ የሚወስነው።

አንድ መለኪያ ለትልቅ ጣቢያ አይበቃም። መቶ ሜጋ ዋት ጣቢያ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ሄክታር ሊሸፍን ይችላል። ደመና ግማሹን ጋርዶ ግማሹን ሊተወው ይችላል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው የሶላር ጣቢያዎች መለኪያ ደረጃ የጣቢያው መጠን ሲያድግ የመሣሪያዎቹም ቁጥር እንዲያድግ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከአግድሙ መለኪያ ሌላ በፓነሉ ዝንባሌ ልክ የሚተከልም አለ። ወግዲ ላይ ፓነል ወደ ደቡብ አሥር ዲግሪ ያህል ቢያዘነብል ይበቃዋል። ሲበዛ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል ለምታልፈው ፀሐይ ጀርባውን ይሰጣል፤ ጨርሶ ቢዘረጋ ደግሞ ዝናብ አያጥበውም።

የመለኪያዎቹ ሁሉ መለኪያ ያለው ስዊዘርላንድ ዳቮስ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የዓለም የጨረር ማዕከል በጥንቃቄ የተያዙ ዋና መሣሪያዎች አሉት፤ በየአምስት ዓመቱ ከየአገሩ የመጡ መሣሪያዎች በአንድ ፀሐይ ሥር ከነሱ ጋር ይነጻጸራሉ። ሜዳ ላይ የዋለ ፓይራኖሜትርም በየአንድ ወይም ሁለት ዓመቱ ተነቅሎ ወደ ላብራቶሪ መሄድ አለበት፤ ጥቁሩ ቀለም በፀሐይ እየደበዘዘ ይሄዳልና። ተነቅሎ ሲሄድ የሚተካ ሌላ ከሌለ ደግሞ መዝገቡ ይቋረጣል።

ኢትዮጵያ ፀሐይን ለመለካት እንግዳ አይደለችም። በዋና ዋናዎቹ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች አንድ የቆየ መሣሪያ ይገኛል፤ ብሪታኒያውያኑ ካምቤልና ስቶክስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈለሰፉት የመስታወት ኳስ። ኳሱ ጨረሩን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን የሰዓት መስመር የታተመበት ካርድ ያቃጥላል። ደመና ሲመጣ ቃጠሎው ይቋረጣል፤ ሲገፈፍ ይቀጥላል። ታዛቢው ፀሐይ ስትጠልቅ ካርዱን አውጥቶ የተቃጠለውን ርዝመት ይለካና የዕለቱን የፀሐይ ሰዓት ያገኛል። ስዊድናዊው አንደርስ አንግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1924 የፀሐይ ሰዓትን ወደ ጨረር መጠን የሚለውጥ ቀመር አወጣ። ለኢትዮጵያ ሲጠቀስ የሚሰማው አማካይ፣ በቀን በካሬ ሜትር 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጥናት የመጣ ነው፤ በሐምሌ ወደ 4.5 ዝቅ፣ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.5 ከፍ ይላል። ለአገር ዕቅድ ጥሩ ቁጥር ነው። ለአንድ ጣቢያ ውል ግን ሻካራ ነው።

ሐምሌ ላይ የሚታየው ዝቅታ ደግሞ ለኢትዮጵያ ያን ያህል አያስከፋም። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከውሃ ነው። በወግዲ ግርጌ የሚያልፈው ዓባይ ጉባ ደርሶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ይገባል። ክረምት ፀሐይ ስትደክም ግድብ ይሞላል፤ በጋ ውሃው ሲቀንስ ፀሐይ ትበረታለች። ቀን ከፀሐይ በተገኘው ልክ ተርባይኑን ቀነስ አድርጎ ውሃውን ለማታ ማቆየት ይቻላል። የኃይል ማከፋፈያ ማዕከሉ ግን ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ስንት ፀሐይ እንደሚጠብቅ ማወቅ ይፈልጋል፤ ትንበያው ደግሞ የሚፈተነውና የሚታረመው መሬት ላይ በተለካው ነው።

ለመጀመር ግዙፍ ገንዘብ አያስፈልግም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ አጥር፣ ጥበቃና ተማሪ አለ ማለት ነው። አንድ ጥሩ ፓይራኖሜትር፣ የአየር ሙቀትና የነፋስ መለኪያ፣ የዝናብ መለኪያ፣ በትንሽ ፓነልና ባትሪ የሚሠራ ዳታ ሎገር ይበቃል። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ መረጃው ሎገሩ ውስጥ ይቆያል። ቦታው ሲመረጥ አጠገቡ ባሕር ዛፍ እንዳይኖር መጠንቀቅ ያሻል፤ ዛሬ ከመለኪያው በታች ያለ ችግኝ በሦስት ዓመት ውስጥ የማለዳውን ፀሐይ ይጋርዳል። ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው በክረምት የሚመጣ መቋረጥ ነው። በሐምሌ ለአንድ ወር የቆመ መሣሪያ የዓመቱን አማካይ ከእውነቱ በላይ ብሩህ ያደርገዋል፤ የጎደለው ጨለማው ወር ነውና። መስከረም ላይ ተጀምሮ በጋውን፣ በልጉንና ክረምቱን ሳይዘል ለሚቀጥለው መስከረም የደረሰ መዝገብ የሳተላይቱን የወግዲ ቁጥር ለማረም ይበቃል።